ልብና ልቡና፤ የልብ ሕመምተኞች ድብርትና ጭንቀት ሕክምና ታሪክ

መግቢያ

በአማርኛ ቋንቋችን «ልብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በአንድ በኩል በደረት ውስጥ ሌት ተቀን ደም የሚረጨውን ብልት ይሰይማል፤ በሌላ በኩል የማስተዋል፣ የድፍረት፣ የኀዘንና የአሳብ ማደሪያ ሆኖ ይነገራል። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። የማይፈራውን «ልበ ሙሉ»፣ የማያስተውለውን «ልበ ቢስ» እንለዋለን። ከአሳብ አፍልቆ የሚጻፈውን ታሪክ «ልብ ወለድ» አልነው፤ የሰውን የውስጥ ጠባይ የሚመረምረውን ዘመናዊ ትምህርት ስንሰይመውም «ሥነ ልቡና» የሚል ስም አወጣንለት። ቋንቋችን ልብንና ልቡናን በአንድ ቤት አኑሯቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሕክምና ቤት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሚመታው ልብ በአንድ ክፍል፣ የሚያዝነው ልብ በሌላ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ከተማ ይታከማል። የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ እግሩ ማበጡንና ትንፋሹ ማጠሩን ይጠየቃል፤ የደም ግፊቱም ይለካል። ሌሊት ሲነቃ ምን እንደሚያስብ፣ ተስፋ ቆርጦ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ መለያየት እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴትስ መጠገን እንደ ጀመረ፣ የጥገናውም ውጤት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የሕክምና ሰው ያልሆነ መሐንዲስ በዚህ ርእስ ላይ ብዕር ማንሣቱ አንባቢን ቢያስገርም ምክንያቱ ቀላል ነው። ልብና ልቡና በሕክምና ቤት እንዲለያዩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ መሣሪያ ነው፤ መልሰው የተገናኙበትም ታሪክ በአመዛኙ የመለካት ታሪክ ነው። መለኪያ የሚያሳየውንና የማያሳየውን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የእኛም ሙያ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው የአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆን፣ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. ከመሣሪያው በፊት

የደምን ዝውውር ለዓለም ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ልብን እንደ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ የሚሠራ ብልት አድርጎ ገለጠው። ሆኖም ይኸው ሰው ፍርሃትና ተስፋን የመሳሰሉ የመንፈስ መናወጦች እስከ ልብ ዘልቀው እንደሚነኩት ከማመልከት አልተቈጠበም። ከእርሱ በኋላ የመጣው ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር የደረት ውጋት ሕመም ነበረበት። የሚያናድደው ሰው ሁሉ ሕይወቱን በእጁ እንደ ያዘ ይናገር ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1793 በለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በተደረገ ስብሰባ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ተከራክሮ ሲወጣ ወዲያው ወድቆ ሞተ።

በሀገራችን ይህ ዕውቀት በልማድ ታትሞ ይገኛል። የሞት ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ ነጋሪዎች ጎሕ ሲቀድ ተሰባስበው ይሄዳሉ፤ ዘመድና ጎረቤት ሳይቀርብ ነገሩ አይገለጥም። ሐዘንተኛዋ «ልቧ ደካማ ነው» የተባለች እናት እንደ ሆነች ደግሞ ወሬው ለቀናት ይደበቃል፤ በመጀመሪያ «ታሟል»፣ ቀጥሎም «ጠንቶበታል» እየተባለ ቀስ በቀስ እንድትሰማው ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች በድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ምክንያት የግራው የልብ ክፍል ጫፍ ለጊዜው ሲደክምና ሲነፋ አይተው፣ ቅርጹ የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ ስለ መሰላቸው «ታኮትሱቦ» ብለው ሰየሙት። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሳይዘጉ ልብ በኀዘን ሊደክም እንደሚችል በዚህ ሕመም ተረጋገጠ። የመርዶ ነጋሪዎቻችን ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው።

፪. መሣሪያው ያመጣው መለያየት

በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ዳ ኮስታ የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አጋጠመው። ወታደሮች ልባቸው ይመታል፣ ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ጥቂት ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሲመረመሩ ግን በልባቸው ላይ የሚታይ ጉዳት የለም። ዳ ኮስታ ከ300 የሚበልጡ ሕመምተኞችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙን «ቁጡ ልብ» ለማለት የሚቀርብ ስም ሰጠው። ነገሩ ከልብ ይሁን ከነርቭ ለመለየት በዘመኑ የነበረው መሣሪያ ጆሮና እጅ ብቻ ነበር።

ይህን የለወጠው በሆላንድ አገር የላይደን ከተማ ሊቅ የነበረው ቪለም አይንትሆቨን ነው። አይንትሆቨን በኃይለኛ መግነጢስ መካከል በብር የተለበጠ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር ዘረጋ፤ ከሰውነት የሚመጣው ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል በክሩ ሲያልፍ ክሩ ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱም በብርሃን ጥላ ተጥሎ በፎቶግራፍ ይቀረጻል። ሕመምተኛው ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን በጨው ውኃ በተሞሉ ማሰሮዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ስለ ነበረና አምስት ሰዎች ያንቀሳቅሱት ስለ ነበር ወደ ሕመምተኛው መውሰድ አይቻልም ነበር። ስለዚህ አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1905 ከሆስፒታሉ እስከ ቤተ ሙከራው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በስልክ ሽቦ አገናኝቶ የሕመምተኞችን የልብ ሞገድ ከሩቅ መዘገበ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ለመሐንዲስ ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን መሣሪያው የሚያሳየው ነገር እየጠራ ሲሄድ፣ የማያሳየው ነገር እንደሌለ ይቈጠር ጀመር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሠራዊት የዳ ኮስታን ዓይነት ሕመምተኞች በሺህ እየቈጠረ ወደ ኋላ መለሰ። በኤሌክትሮካርዲዮግራፍ አጠቃቀም የታወቀው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው መጽሐፍ አብዛኞቹ የልብ ብልት ጉዳት እንደሌለባቸው አስረዳ፤ በደረጃ እየጨመረ በሚሄድ የሰውነት እንቅስቃሴም ብዙዎችን ወደ ሥራ መለሰ። ሥራው ታላቅ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን በሁለት ክምር መክፈል ለመዱ። አንደኛው «የልብ ሕመም ያለበት» ሲሆን ሁለተኛው «ልቡ ደኅና የሆነ፣ የሚጨነቅ ብቻ» ነው። ሁለቱም በአንድነት ያሉበት ሕመምተኛ፣ ማለት ልቡ በእርግጥ የታመመና በመታመሙም ምክንያት ሌሊቱን በፍርሃት የሚያሳልፈው ሰው፣ በሁለቱ ክምሮች መካከል ጠፋ። ቀጥሎ ያለው የሰባ ዓመት ታሪክ ይህን የጠፋ ሰው የመፈለግ ታሪክ ነው።

፫. የወንበሩ ጠርዝ

በፍለጋው መንገድ ላይ አንድ ትምህርት ሰጪ መሳሳት ተደርጓል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የልብ ሐኪሞች በነበሩት ፍሪድማንና ሮዘንማን ክሊኒክ ወንበሮችን የሚያድስ አንድ ሠራተኛ፣ የመቀመጫዎቹ የፊት ጠርዝ ብቻ ተለይቶ ማለቁን አይቶ እንደ ተገረመ ይተረካል። የልብ ሕመምተኞች ተደላድለው ስለማይቀመጡ የሚያልቀው ጠርዙ ነበር። ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ጽሑፍ ሁልጊዜ የሚቻኰል፣ የሚፎካከርና ቶሎ የሚቈጣ ሰው ለልብ ሕመም የተጋለጠ ነው ሲሉ «ዓይነት ኤ» የተባለውን ጠባይ አስተዋወቁ። ከ3,000 በላይ ወንዶች ለስምንት ዓመት ተኩል ያህል ሲከታተሉ ይህ ጠባይ ያላቸው በእጥፍ ያህል በልብ ሕመም ሲያዙ ታየ፤ አሳቡም ዓለምን አጥለቀለቀ።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1988 ከእነዚሁ ወንዶች መካከል በልብ ሕመም የተያዙት እንደ ገና ሲመረመሩ፣ «ዓይነት ኤ» የተባሉት ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ በሕይወት መቈየታቸው ተገኘ። ከዚያም በኋላ የትምባሆ ኩባንያዎች ሰነድ ለሕዝብ ሲገለጥ፣ ለዚህ ጥናት መስክ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱት እነርሱ እንደ ነበሩ ታወቀ። የሕመሙ ጥፋተኛ የሰው ጠባይ ከሆነ ሲጋራው ነጻ ይወጣልና ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ሠራተኛው ያየው የወንበር ጠርዝ እውነት ቢሆንም ትርጓሜው ግን ሌላ ሊሆን እንደሚችል ነው። በወንበሩ ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ሰው ቸኳይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ፈሪም ሊሆን ይችላል።

፬. ሞንትሪያል፣ እ.ኤ.አ. 1993

የጠፋው ሰው በግልጽ የተገኘው በካናዳ ነው። ናንሲ ፍሬዠር ስሚዝና ባልደረቦቿ በሞንትሪያል የልብ ሕክምና ተቋም ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው የተኙ 222 ሰዎችን ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ስለ መንፈሳቸው ሁኔታ ጠየቁ። ከስድስቱ አንዱ ያህል በጽኑ ድብርት ተይዞ ተገኘ። ከስድስት ወር በኋላ የሞቱትን ሲቈጥሩ፣ ድብርት የነበረባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ የሞት አደጋ እንደ ነበረባቸው ታየ፤ የልባቸው ጉዳት መጠን ታስቦ ሲቀነስም ልዩነቱ አልጠፋም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ ወጣ። ከብዙ ተከታይ ጥናቶች በኋላ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ድብርት ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ ክፉ ውጤት ከሚያስከትሉ አደጋዎች አንዱ ሆኖ እንዲቈጠር የሚል መግለጫ አወጣ።

ድብርት ልብን የሚጎዳበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥጋዊ ነው፤ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉት ንጥረ ነገሮች ይበዛሉ፣ የልብ ምት ከሁኔታው ጋር ራሱን የማስተካከል ችሎታው ይቀንሳል፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቶሎ ይጣበቃሉ። ሁለተኛው የኑሮ መንገድ ነው፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ከአልጋው አይነሣም፣ ቀጠሮውን ይረሳል፣ ያጨሳል። በሀገራችን ሁኔታ ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት እንዳለው ወደ ፊት እናየዋለን።

፭. ሕክምናው ምን አደረገ?

አደጋ መሆኑ ከታወቀ፣ ድብርቱን ማከም ሕይወትን ያረዝማል ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አልሆነም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመድኃኒቱ ደኅንነት ነበር። በሀገራችን በብዛት የሚገኘው አሚትሪፕቲሊንና ወገኖቹ ድብርትን ይፈውሳሉ፤ ነገር ግን በልብ ውስጥ የኤሌክትሪክን መተላለፍ ያዘገያሉ፤ በብዛት ከተወሰዱም ይገድላሉ። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ፣ እነዚህ መድኃኒቶች አንዳንድ የምት መዛባትን ስለሚያስታግሱ ምናልባት ይጠቅማሉ ይሉ ነበር። ይህን ግምት ያፈረሰው ካስት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ሙከራ ነው። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ የምት ማስተካከያ መድኃኒቶች ከተሰጧቸው 755 ሰዎች 63 ሞቱ፤ መድኃኒትነት የሌለው አስመሳይ እንክብል ከተሰጣቸው 743 ሰዎች ግን የሞቱት 26 ነበሩ። በመሣሪያው ወረቀት ላይ ሞገዱ ተስተካክሎ ሳለ ሰውየው ይሞት ነበር። ጠቋሚውን ማስተካከል ማሽኑን ማስተካከል እንዳልሆነ ለምናውቅ ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ ምሳሌ ሊረሳ የሚገባው አይደለም። አሚትሪፕቲሊንም በልብ ላይ የሚሠራው ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ስለሚመሳሰል፣ በታመመ ልብ ላይ በጥንቃቄ እንዲታይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና በ369 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ሰርትራሊን የተባለው አዲስ ዓይነት መድኃኒት ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ በልብ ሥራ ላይ ጉዳት ሳያደርስ እንደሚወሰድ አሳየ፤ ጥቅሙም በተለይ በጽኑና በተመላላሽ ድብርት ላይ ጐልቶ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ታላቅ ጥናት ደግሞ 2,481 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቡና ሕክምና፣ እንደ አስፈላጊነቱም መድኃኒት ሰጠ። ድብርቱ በመጠኑ ተሻለ፤ ነገር ግን ሳይሞቱና ዳግመኛ በልብ ሕመም ሳይመቱ የቈዩት በአንዱ ወገን 75.8፣ በሌላው 75.9 በመቶ ሆኑ። ልዩነት አልተገኘም።

የልብ ድካም ባለባቸው ላይ ነገሩ የበለጠ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት ለ469 የልብ ድካም ሕመምተኞች፣ ለከፊሎቹ ሰርትራሊን፣ ለከፊሎቹ አስመሳይ እንክብል ተሰጠ። ሰርትራሊኑ ከአስመሳዩ በልጦ አልተገኘም። ይሁን እንጂ በዚህ ጥናት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሁለቱም ወገን ያሉትን ሕመምተኞች ነርሶች ይከታተሏቸውና ያበረታቷቸው ነበር፤ የሁለቱም ወገን ድብርት በጥናቱ ጊዜ ውስጥ በግልጽ ቀንሷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በ214 ሰዎች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት፣ ድብርት ከስኳር ወይም ከልብ ሕመም ጋር ላለባቸው ሰዎች አንዲት ነርስ መንፈሱንም፣ ግፊቱንም፣ ስኳሩንም በአንድነት እንድትከታተል ሲደረግ ሁሉም አብረው እንደሚሻሻሉ አስረዳ።

ተስፋ ሰጪ ውጤትም አልጠፋም። በደቡብ ኮርያ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠማቸው 300 ሰዎች ለ24 ሳምንታት ኤስሲታሎፕራም ወይም አስመሳይ እንክብል ከወሰዱ በኋላ ለስምንት ዓመት ያህል ሲታዩ፣ ዳግመኛ አደጋ የደረሰባቸው በመድኃኒቱ ወገን 40.9 በመቶ፣ በሌላው 53.6 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ።

የእነዚህ ሁሉ ድምር ምንድን ነው? የልብ ሕመምተኛን ድብርት ማከም ሥቃይን ያቃልላል፤ መድኃኒቱ በጥንቃቄ ከተመረጠ ልብን አይጎዳም፤ ዕድሜን ማርዘሙ ግን በአመዛኙ አልተረጋገጠም። ከእንክብሉ ይልቅ በየጥናቱ ተደጋግሞ የሚታየው ኃይል፣ ሕመምተኛውን በስሙ የሚያውቅና ቀጠሮ ሲቀር የሚፈልገው አንድ ኃላፊ ሰው መኖሩ ነው። ሥቃይን ማቃለል ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም የሚል ቢኖር፣ የጥርስ ሕመምም ዕድሜ ስለማያሳጥር ሳይታከም ይቈይ እንደ ማለት ይሆናል።

፮. በሀገራችን

በሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። በ1930 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ጊል የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪምና ባልደረባው በአንዲት ትንሽ ከተማና በገጠር ባደረጉት ጥናት የመንፈስ ሕመም በባላገሩም ዘንድ ብርቅ አለመሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ነርሶች ማሠልጠኛ ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች እየተመደቡ ሕክምናውን ከአዲስ አበባ አወጡት። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ የአእምሮ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና በሀገር ውስጥ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ አሳሰበ።

የልብ ሕክምናውም በበኩሉ ረጅም መንገድ ተጕዟል። በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የተሠራው የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ነገር ግን የእኛ የልብ ሕመምተኛ የሞንትሪያሉን ሰው አይመስልም። የሞንትሪያሉ ሕመምተኛ ዕድሜው የገፋ፣ የልቡ የደም ሥር የተዘጋበት ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ዋነኛ ከሆኑት አንዱ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው፤ ይህም የልብን ቫልቮች ያበላሻል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በ3,343 የሩማቲክ ልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት መሆኑን፣ ከሦስቱም ሁለቱ ያህል ሴቶች መሆናቸውን አመልክቷል።

ስለዚህ የእኛ ሕመምተኛ ጭንቀት የተለየ ነው። ተማሪዋ ትምህርቷን እጨርስ ይሆን ብላ ትጨነቃለች፤ ሙሽራዋ መውለድን ትፈራለች፤ ምክንያቱም በሰው ሠራሽ ቫልቭ የሚኖር ሰው ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል፤ መድኃኒቱም ለፅንስ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። «ምን ዋጋ አለው» ብሎ መርፌውን የተወ ቀን የሩማቲክ ትኵሳቱ ሊመለስ፣ ቫልቩም እንደ ገና ሊጎዳ ይችላል። በሌላው ዓለም ድብርት በፕሌትሌት በኩል የሚገድለውን ያህል በእኛ ዘንድ በቀረ ቀጠሮ በኩል ይገድላል ቢባል ከእውነት አይርቅም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ክትትል ላይ ባሉ የልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገው ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል።

እዚህ ላይ ስለ መለኪያው አንድ ነገር መናገር ይገባል። ድብርትን ለመለየት በብዛት የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በአማርኛም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጥናት ተስማሚ ሆኖ የተገኘው መቁረጫ ነጥብ 10 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የቡታጅራ አካባቢ የገጠር ጥናት ግን 5 ነው። ከጥያቄዎቹም ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቁት የልብ ድካም ራሱ የሚያመጣቸው ምልክቶች ናቸው። መጠይቅም እንደ ሚዛን ነው፤ በሚሠራበት ቦታ ካልተስተካከለ ያሳስታል። ቋንቋውም የራሱ ችግር አለበት፤ «የመንፈስ ጭንቀት» ስንል አንዳንዱ ድብርትን፣ አንዳንዱ ፍርሃትን ይረዳልና። ዛሬ የሙያው ሰዎች ለመጀመሪያው «ድባቴ» ወይም «ድብርት»፣ ለሁለተኛው «ጭንቀት» ማለታቸው ስለዚህ የሚደገፍ ነው።

፯. ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር

ከላይ የተባለውን በአንድ ከተማ ላይ አድርገን ብንመለከተው ይገለጥልናል። ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት፤ የተቈረቈረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከእርሷ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች፤ የአካባቢው ሕመምተኛም የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን ሐኪሞች ወደሚያገለግሉበት ወደ ይርጋለም ሆስፒታል ይጓዝ ነበር። ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ሆስፒታል ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጣውን ከባድ ሕመምተኛ ይቀበላል፤ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል። ሕመምተኛው በመኪና ሰዓታት ተጕዞ፣ የሥራ ቀኑን ሠውቶ፣ ሲመሽ የሚያድርበት ዘመድ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ስለ ልቡ አንድ ቀን፣ ስለ መንፈሱ ሌላ ቀን ተመለስ ቢባል ሁለተኛውን ቀን እንደማይመጣ ግልጽ ነው። ሁለቱን ክትትል በአንድ ቀንና በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ እንግዲህ የበጀት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የአሠራር ጉዳይ ነው።

በአካባቢው ለሚሠራ ባለሙያ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ጫት ነው። ከወንዶ ገነትና ከሌሎች የሲዳማ አካባቢዎች የሚመጣው ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲለቅም እንቅልፍ ማጣትንና ድብርትን ያስከትላል። የታመመ ልብ ያለው ሰው «ልቤ ይመታብኛል፣ እጨነቃለሁ» ሲል አስቀድሞ ስለ ጫት መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛው እንቅርትና የደም ማነስ ነው፤ ሁለቱም ጭንቀትን በሚመስል አኳኋን ልብን ያስመታሉና ሳይመረመሩ «ጭንቀት ነው» ብሎ መደምደም የዳ ኮስታን ዘመን ስሕተት መድገም ነው። ሦስተኛው የመድኃኒት መጋጨት ነው። ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰዱ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ፤ ስለሆነም የደም ምርመራው መጥበቅ አለበት። ዲያዜፓምም ለጥቂት ቀን ቢያሳርፍ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ባሪያ ያደርጋል። ጸበልም ሆነ ጸሎት የሕመምተኛው መጽናኛ ነውና አይነቀፍ፤ ነገር ግን መርፌውና እንክብሉ በዚያ ምክንያት እንዳይቋረጥ ከቤተ ሰቡ ጋር መመካከር ያሻል።

በመጨረሻም ወደ ሙያችን እንመለስ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዝናም በበዛባቸው ዓመታት ውኃው ከፍ ስለሚል ከተማዋን ለመከላከል በዳርቻው የአፈር ግድብ ተሠርቷል። ግድቡን የነደፈው ሰው ያሰበው ጎርፍን ነው። ዛሬ ግን ጠዋትና ማታ ሕዝብ የሚመላለስበት፣ ሽማግሌዎች የሚያወጉበት መንገድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 በ2,322 የልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ በወጣው ጥናት፣ በሥርዓት የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ ድብርትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ታይቷል። ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ ከተደረጉት የመድኃኒት ሙከራዎች ይልቅ ይህ ውጤት ለእኛ ሕመምተኛ የሚቀርብ ነው፤ የተጠኑት የልብ ድካም ያለባቸው ናቸውና። ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ ጥላና ማረፊያ አግዳሚ ያለው፣ ሽቅብ የሌለው መንገድ ለልብ ድካም ሕመምተኛ የሕክምናው ክፍል ነው። መንገድና ዳርቻ የሚነድፉ ባልደረቦቻችን አግዳሚ ወንበሮችን በምን ያህል ርቀት እንደሚያስቀምጡ ሲወስኑ፣ በአንድ ትንፋሽ ከሃምሳ እርምጃ በላይ መሄድ የማይችለውን ሰው ቢያስቡት ሥራቸው የሐኪም ረዳት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተተረከው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ልብና ልቡና የተለያዩት በባሕርያቸው ስለሚለያዩ አይደለም፤ አንደኛውን የሚመዘግብ መሣሪያ ስለ ተገኘ፣ ሌላውን ግን በጥያቄ እንጂ በሽቦ መመዝገብ ስላልተቻለ ነው። ጥያቄውም ረጅም አይደለም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን የማድረግ ፍላጎት አጥተህ ነበር ወይ? መንፈስህ ወድቆ፣ ተስፋ ቈርጠህ ነበር ወይ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፣ መለዋወጫ አይፈልጉም። የሚፈልጉት መልሱን ሰምቶ የሚከታተል ሰው ብቻ ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነና የሚከታተል ከሌለ ግን ጥያቄው ባዶ ነው፤ ከጥናቶቹ የተረዳነውም ይኸንኑ ነው።

በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየግንባታ ቦታው ከልብ ሕመም ጋር የሚሠሩ ባልደረቦች አሉን። ከሕክምና ሲመለሱ ስለ መድኃኒታቸውና ስለ ደም ግፊታቸው እንጠይቃቸዋለን፤ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ፍርሃታቸው ለመጠየቅ ግን እናፍራለን፤ እነርሱም ሥራ እንዳይቀነስባቸው ይደብቁናል። ይህን ዝምታ ለመስበር የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም። ቀጠሮው በደረሰ ቀን ፈቃድ መስጠት፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ መሄድ፣ የቀረውን መርፌ ማስታወስ ከማናችንም ዐቅም በላይ አይደለም።